«ጋይንት ሙስሊም አለ እንዴ?»



ወላጆቻችን ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የሆኑ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና አዲስ አበባ የምንኖር ወጣቶች ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ እንሰማለን። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለውም፣ ባለማወቅ ነው። የሚያሳዝነው እኛም «አዎ፣ አለን» ከማለት ያለፈ መልስ የሌለን መሆኑ ነው። ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፣ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ በቁጥር ጥቂት ነን። ነገር ግን ጥቂት መሆን ታሪክ አልባ መሆን አይደለም።

አያቶቻችን በአብዛኛው ሸማኔና ነጋዴ የነበሩት ለምንድን ነው? መልሱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በከተማዋ «እስላም ቤት» የሚባለው ሰፈር የዚያ መለያየት ምልክት ነው። በቤጌምድር ገጠርም ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አይወርስም ነበር። ርስት የሌለው ሰው ወይ የሰው መሬት እየተጋዘ ያርሳል፣ ወይ ከመሬት ውጭ እንጀራ ይፈልጋል። ስለዚህ አያቶቻችን መወርወሪያ ጨበጡ፣ አህያና በቅሎ ጭነው ገበያ ለገበያ ዞሩ። ደሪጣን የመሰሉ የሙስሊም ነጋዴ ከተሞች የበቀሉት፣ አሞሌ ጨው ወደ ጎጃም፣ ቡናም እስከ መተማና ምጽዋ የተጓዘው በዚህ ዓይነት ሕይወት ነው። «ሰማይ አምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚለው ተረትም ከዚሁ ኑሮ የወጣ ነው። መጀመሪያ መሬቱ ተከለከለ፣ ቀጥሎ መሬት የሌለው «አገር የለህም» ተባለ።

ታሪካችንን ስንናገር ግን የራሳችንን ጎን ብቻ አንምረጥ። በዚያ ንግድ ውስጥ ባሪያ ይሸጥ ነበር፣ ከሻጮቹም መካከል የእኛ ሰዎች ነበሩበት። ቤተ እስራኤል ወገኖችም እንደኛው ከርስት ተገፍተው በብረትና በሸክላ ሥራ ኖረዋል፣ «ቡዳ» ተብለውም ተንቀዋል። ለጋብቻ ሲጠየቅ «የሸማኔ ዘር ነው» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ዘመድ ዛሬም በመካከላችን ከኖረ፣ ስለ ፍትሕ የምንናገረው ነገር ጎዶሎ ነው።

ከዚያ የከፋው ዘመን ቀጥሎ መጣ። የየጁ መሳፍንት፣ እነ ራስ ጉግሳና ራስ ዓሊ፣ ከሙስሊም ቤተሰብ የተነሡና ክርስትናን የተቀበሉ ገዢዎች ነበሩ። እኛው አጠገብ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ቤጌምድርን ገዝተዋል። የእነርሱ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ። የከበደው ክንድ ያረፈው ወሎ ላይ ነው። ከፊሉ ተጠመቀ፣ ከፊሉ ተዋጋ፣ ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉም ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ከወሎ የሚለየን የባሽሎ ወንዝ ብቻ ስለሆነ የእነርሱ መከራ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ታዲያ ሃይማኖቱም ትዝታውም እንዴት ተረፈ? በትምህርት ነው። ደረሳው ስንቁን ይዞ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ዳና፣ ወደ ገታ፣ ወደ ጀማ ንጉሥ ይጓዝ ነበር። ሸኹ ያለ ክፍያ ያስተምራል፣ መንደሩ ደረሳውን ያበላል። ኪታቡ ዓረብኛ ነው፣ ትርጓሜው ግን በአማርኛ ነው። ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ዑለማዎች አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማ ደርሰዋል። ማንበብ የማይችለው ገበሬና ሸማኔም በወዳጃና በሐድራ ተቀምጦ፣ ቡናው እየተፈላ፣ መንዙማውን በጆሮው ተማረ። በዚያው መቀመጫ የተጣላ ይታረቃል፣ ለታመመ ዱዓ ይደረጋል፣ የተቸገረ ይታያል። ስለዚህ አማርኛ የተዋስነው ቋንቋ አይደለም፣ ዲናችንን የተማርንበት ቋንቋ ነው። በ1961 ዓ.ም ቁርአን በአማርኛ ተተርጉሞ ሲታተምም፣ ከኋላው ይህ ረጅም የቃል ትርጓሜ ልማድ ነበረ።

ቋንቋ ሌላም ፍልሚያ አለው። እስከ 1966 ዓ.ም ድረስ በይፋ የምንጠራው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ተብለን ነበር። የሚኖር ሰው እንግዳም ሊሆን ይችላል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ የሚገመት ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፣ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ነበሩ። ጥያቄያቸው በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ የመሬት ባለቤት እንሁን፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ ዘውዱ ሊወድቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ሦስቱ በዓላት የመላ አገሪቱ በዓል ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት ሲታወጅ ደግሞ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ በስሙ የሚያርሰው መሬት አገኘ። ደርግ በሌላው ነገር ምን እንዳደረገ እናውቃለን። ይህ ቀን ግን በአያቶቻችን ቤት አይረሳም።

መሬት መገኘቱ ስደትን አላስቀረም። መሬቱ ተሸንሽኖ አለቀ፣ አፈሩ ታጠበ፣ ድርቁ ተመላለሰ። ዛሬም የጋይንትና የስማዳ ወጣት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል፣ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ይገባል፣ እህቶቻችን ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ቀድሞ ለዒልም ወንዝ ይሻገር የነበረ ሕዝብ አሁን ለእንጀራ ባሕር ይሻገራል። ከመንደሩ የወጣው ልጅ ከአባቱ አፍ ሊሰማው የሚገባውን ታሪክ ሳይሰማ ነው የሚወጣው።

እኛ የምንለው ይህን ነው። በየከተማው የምንሰባሰብ ወጣቶች በወር አንድ ምሽት ለዚህ እንስጥ። አንዱን ምሽት ለፍትሕ፦ አያትህ መሬት ነበራቸው? ከሌላቸው ለማን ያርሱ ነበር? አንዱን ለስደት፦ ከቤተሰባችሁ መጀመሪያ የወጣው ማን ነው፣ ወዴት፣ ለምን? አንዱን ለቋንቋና ለባህል፦ እናትህ የምታውቀው መንዙማ የትኛው ነው? የዱዓው አከፋፈት እንዴት ነበር? መልሱን በስልካችሁ ቅረጹት፣ ስሙንና ቀኑን ጻፉበት። ክርስቲያን ጎረቤትንም ጠይቁ፣ የእኛን ታሪክ ከእኛ በላይ የሚያስታውስ ጎረቤት አለ።

አንድ ነገር አስሉ። በ1966 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። ዕድሜ የአላህ ነው፣ መጠየቅ ግን የእኛ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ልጆቻችን «ጋይንት ሙስሊም ነበር እንዴ?» ብለው ቢጠይቁን፣ የምናሰማቸው የአያት ድምፅ እንዲኖረን ዛሬ ማታ ስልክ እንደውል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።