ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሥራና በአቃቂ በኩል ስላለፈው ፊልም

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መናገሻው ከተማ ሲገሠግሥ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም ብዙ ክርክርና ብዙ መዘግየት ካለፈ በኋላ በ1907 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ ላይ ቆመ። አዲስ አበባ ለመግባት 23 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲቀረው ሁለት ዓመት ያህል ጠብቆ በ1909 ዓ.ም. ገባ። ከዚያ ወዲያ በባቡር የመጣው የባሕር ማዶ ዕቃ፥ ቆርቆሮውም ጨርቁም መኪናውም፥ የአቃቂን ጣቢያ ሳያልፍ ከተማ አይደርስም ነበር። ከዚህም ዕቃ መካከል እንደ መሶብ ክዳን ክብ የሆነ፥ ነገር ግን ዝርግና ቀላል የሆነ የቆርቆሮ ሣጥን ነበረ፤ በውስጡም የተጠቀለለ ረጅም ጥብጣብ ይገኛል። ይህ ጥብጣብ ፊልም ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ ለመዝናኛ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ግን ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ጀመረ፤ ያን ጊዜ የያዘው ነገር የአንድ አገር ሞትና ሕይወት ነበር።

የሚንቀሳቀስ ሥዕል በክፍያ ለሕዝብ መታየት የጀመረው የሉሚየር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ በታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ባሳዩት ትርኢት እንደ ሆነ ይቈጠራል። ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ፥ በየካቲት 23 ቀን፥ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። የዓድዋን ድል የአገር ሠዓሊዎች ቅዱስ ጊዮርጊስን በሰማይ፥ ንጉሡንና ንግሥቲቱን በምድር አድርገው በሸራ ላይ ሣሉት፤ አዲሱ መኪና ግን ገና ሕፃን ስለ ነበረ አላየውም። አንድ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ ኃይሌ ገሪማ ስለ ዓድዋ ፊልም ሲሠራ በቦታው የተነሣ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ስላልነበረ የሽማግሌዎችን ቃልና የእነዚያን ሠዓሊዎች ሥራ ምስክር አድርጎ ማቅረብ ነበረበት።

የሲኒማው መኪና ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገባው ከድሉ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነው፤ የኢጣልያ መንግሥት ልዑክ የነበረው ቺኮዲኮላ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዳበረከተው ይተረካል። ሕዝቡ የሚገባበት የሲኒማ ቤት ግን የተከፈተው ቈይቶ በ1915 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ የከተማው ሰው «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህን ስም ይዘው በሕዝቡ አለማወቅ የሚሥቁ አሉ፤ ሣቁ ግን ተገቢ አይመስልም። በፓሪስም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች በሸራው ላይ ባቡር ሲመጣባቸው ደንግጠው እንደ ተነሡ ይነገራል። በጨለማ ቤት ውስጥ የሌለ ሰው ሲሄድ፥ ሲሥቅና ሲያለቅስ ያየ ሁሉ ነገሩ በምን ኃይል እንደሚሠራ ቢጠይቅ ጥያቄው የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። የጎደለው መልሱን የሚያስረዳ ነበር።

መልሱም እንደሚከተለው ነው። በፊልሙ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ጥብጣቡ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ በላዩ እርስ በርሳቸው የሚከታተሉ ትንንሽ ፎቶግራፎች ተነሥተውበታል፤ ዳርና ዳሩም ለእያንዳንዱ ሥዕል በየጎኑ በአራት ቀዳዳ ተበስቷል፤ የመኪናው ጥርስ በቀዳዳው እየገባ ይስበዋል። ድምፅ ያለው ፊልም በአንድ ሰኮንድ 24 ሥዕል፥ በአንድ ደቂቃም 1440 ሥዕል ያሳልፋል። እያንዳንዱ ሥዕል በብርሃኑ ፊት ለቅጽበት ይቆማል፤ ወደሚቀጥለው ሲሻገር መጋረጃ ብርሃኑን ይከልለዋል። ዓይንና አእምሮ ግን በመካከሉ ያለውን ጨለማ ሳያስተውሉ የተለያዩትን ሥዕሎች አንድ እንቅስቃሴ ያደርጓቸዋል። እንግዲህ ከተመልካቹ ፊት የሚሮጠው ፈረስ የሚሮጠው በተመልካቹ ራስ ውስጥ ነው። ድምፅ ባልነበረበት ዘመን አንሺው መኪናውን በእጁ እያዞረ በሰኮንድ 16 ሥዕል ያህል ያነሣ ነበር፤ የጥንቱ ፊልም በኋለኛው መኪና ሲታይ ሰዎቹ ሁሉ የሚጣደፉ የሚመስሉት ስለዚህ ነው። ንጉሥም ሆነ ጳጳስ በዚህ ዓይነት ሲሮጥ የታየ እንደ ሆነ ጥፋቱ የመኪናው ነው።

ፊልሙ ብርሃን ካየ በኋላ በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ይታጠባል። በመጀመሪያ የሚወጣው ነጩን ጥቁር፥ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ የሚያሳይ ሲሆን ኔጋቲቭ ይባላል፤ ከእርሱም ለመታያ የሚሆነው ቅጂ ይታተማል። ኔጋቲቩ እንደ እናት መጽሐፍ ነው፤ ቅጂው ቢቃጠል ሌላ ይጻፋል፥ እናቲቱ ብትጠፋ ግን ነገሩ ያበቃል። የዚያን ጊዜውም ፊልም ከናይትሬት የተሠራ ስለ ነበረ ፈጥኖ የሚቀጣጠልና በውኃም የማይጠፋ እሳት ነበረው።

ሥራው ከመጣ በኋላ ቃላቱ መምጣት ነበረባቸው። ሲኒማ፥ ፊልም፥ ካሜራ የተባሉት እንደ መጡ ቀሩ። ለሌላው ግን ቋንቋው ከቤቱ ውስጥ ፈለገ። ሥዕል የሚለው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተወሰደ። መቅረጽ ማለት እንጨትን ወይም ድንጋይን በመሣሪያ መጥረብ ነበር፤ ዛሬ ድምፅንም መልክንም በመኪና መያዝ መቅረጽ ይባላል፤ ሥራውም ቀረጻ ነው። በፊልም ውስጥ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ የሚፈጸመው የታሪክ ክፍል ትዕይንት ተባለ፤ ትዕይንት በግእዝ ሰፈር ማለት እንደ ሆነ የቅኔ ቤት ሰው ያውቃል፤ ስሙ ከድንኳን ወጥቶ ወደ ሸራው ገባ። ካሜራው ሳያቋርጥ አንድ ጊዜ ያነሣው ሾት ይባላል፤ ለዚህ የአገር ቃል ሥር አልሰደደም። አንዱ ሾት አልሆን ብሎ ሲደገም እያንዳንዱ ሙከራ ቴክ ነው፤ ከመጀመሩም በፊት ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ በካሜራው ፊት ይጨበጨባል፤ ይኸውም በሥዕሉ ላይ የእንጨቱ መግጠም በድምፁም ላይ ጩኸቱ ስለሚታወቅ ኋላ ሁለቱን ለማጋጠም ነው።

ካሜራው ከሩቅ ሲቆም አገሩንና ሠራዊቱን ያሳያል፤ ሰው ግን ጉንዳን ይሆናል። ወደ መካከል ሲቀርብ ሰውን ከወገቡ በላይ ከነእጁ ንግግር ያሳያል። ፈጽሞ ሲጠጋ ፊትን ብቻ፥ አንዳንዴም ዓይንን ብቻ ያሳያል፤ ያን ጊዜ ሠራዊቱ ይጠፋል፥ የአንዱ ሰው ኀዘን ግን ቤቱን ይሞላል። ከታች ወደ ላይ የተነሣ ሰው ይገዝፋል፥ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ያንሳል። አቋሙን የሚመርጠው አንሺው እንደ መሆኑ፥ ሰውን ማክበርና ማዋረድ በእግሩ ሦስት የሆነው የካሜራ መቆሚያ ላይ የሚጀምር ነገር ነው።

ይህን ጥበብ የኢትዮጵያ ሰው በጣም የቀመሰው በ1928 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውዱ በዓል ሲከበር የውጭ አገር ፊልም አንሺዎች መጥተው ነበር፤ የጦርነቱ ወሬ ሲነሣ ግን ከመቶ የሚበልጡ ጋዜጠኞች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ፤ ከእነርሱም ጋራ ለትልልቆቹ የዜና ፊልም ኩባንያዎች፥ ለፓራማውንትና ለሙቪቶን፥ የሚያነሡ ነበሩ። ከሞስኮም ቦሪስ ጼይትሊንና ቭላዲሚር ዬሹሪን የተባሉ ሁለት አንሺዎች መጡ።

በዚህ ጊዜ አቃቂ ሦስት በር ነበራት። አንደኛው ኢጣልያኖች ራሳቸው ያቆሙት የራዲዮ ጣቢያ ነው፤ አንሳልዶ የተባለው ኩባንያቸው ሠርቶት በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ጣቢያ ለዓለም ንግግር አደረጉ። ጠላት በሠራው መሣሪያ ስለ ጠላት መናገር በታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሁለተኛው የአይሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ነው። ሦስተኛው ባቡሩ። ቃል በራዲዮው በቅጽበት ባሕር ተሻገረ፤ ሥዕል ግን ይህን አይችልም። ፊልሙ በቆርቆሮው ታሽጎ በባቡር አቃቂን፥ አዋሽንና ድሬ ዳዋን አልፎ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በመርከብ ወደ አውሮጳ ይሻገራል፤ በዚያም ይታጠባል፥ ይቈረጣል፥ ይታተማል። የለንደን ሰው በሲኒማ ቤት ተቀምጦ የሚያየው ጦረኛ ሥዕሉ ሲታይ ምናልባት ከሞተ ሳምንታት አልፎታል።

የአንሺውም ችግር ቀላል አልነበረም። አይሞ የተባለው በእጅ የሚያዝ ካሜራ እንደ ሰዓት በጠምዛዛ ብረት የሚሠራ ሲሆን የሚይዘው 100 ጫማ ፊልም ነው፤ ይህም ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ከአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ይነሣል? ፊልሙ እስኪለወጥ አይሮፕላኑ ያልፋል። ብዙዎቹም ወደ ጦር ግንባር ለመሄድ ፈቃድ ሳያገኙ በከተማው ተቀምጠው ቀሩ፤ ስለዚህ ከአንሺዎቹ አንዳንዶቹ ጦረኞችን ለካሜራው ሲሉ አሰልፈው ያስፎክሩ እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። ፉከራው እውነተኛ ነው፥ ሰዓቱ ግን የተሠራ ነው። በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ስትደበደብ ግን ማሰለፍ አላስፈለገም፤ የቀይ መስቀል ሐኪም ቤት ተመታ፥ ከተማው ተቃጠለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በአይሮፕላን መምቻው መድፍ ላይ ሆነው የታዩበት ሥዕል ዓለምን ዞረ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ግን ከማንሣት በኋላ የሚመጣው ነው። የተነሡት ሾቶች በመቀስ ተቈርጠው በሙጫ ይያያዛሉ፤ ይህን ቅንብር ፈረንጆች ሞንታዥ ይሉታል። ኩሌሾቭ የተባለ የሩስያ ሊቅ ያደረገው ፈተና የታወቀ ነው፤ ምንም ስሜት የማይታይበትን የአንድ ተዋናይ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፥ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፥ አንድ ጊዜም ከሕፃን ሥዕል ጋራ አያይዞ አሳየ፤ ተመልካቾቹም ራቡን፥ ኀዘኑንና ደስታውን እንዴት አድርጎ ገለጸው እያሉ አደነቁ። ፊቱ አንድ ነበር። ትርጓሜውን ያመጣው ጎረቤቱ ነው። የመጻሕፍት ተርጓሚ አንድን ቃል ከበላዩና ከበታቹ አውጥቶ ማንበብ ምን እንደሚያደርስ ስለሚያውቅ ነገሩ አይከብደውም።

የሙሶሊኒ መንግሥት ይህን በሚገባ አውቆ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሉቼ ድርጅት ለጦርነቱ ልዩ የአፍሪቃ ክፍል ከፈተ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. «የጀግኖች ጎዳና» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም አወጣ። በዚያም መርከቡ፥ መንገዱ፥ ዳቦ መጋገሪያውና መድፉ ተራ በተራ እየታየ የወረራው ሥራ እንደ ልማት ሥራ ሆኖ ይገኛል። የመርዙ ጢስ በሉቼ ዜና አይታይም። የኢትዮጵያ ሰው በሉቼ ሸራ ላይ ወይ እጅ ሲነሣ ወይ እህል ሲቀበል ይታያል። በዚያው ዓመት ጼይትሊንና ዬሹሪን ከዚሁ ምድር ያነሡት «አቢሲኒያ» የተባለ ፊልም በሞስኮ ወጣ፤ በዚያ ያው ሰው የአገሩ ባለቤት፥ ያው አይሮፕላን ነፍሰ ገዳይ ነው። ሁለቱም ካሜራዎች የተሠሩበት ጥበብ አንድ ነው፤ ልዩነቱ መቀሱ ላይ ነው። በመጋቢት ማብቂያ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች የአቃቂን ማረፊያ መቱ፤ በሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ስለ መርዙ ሲመሰክሩ የያዙት ቃላቸውን ነበር።

ከነፃነት በኋላ የአገር ሰው ካሜራውን ራሱ እስኪይዝ ጊዜ ወሰደ። «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው ረጅም ፊልም በ1957 ዓ.ም. ገደማ በጥቁርና ነጭ ተሠራ፤ ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ፥ ዳይሬክተሩ ግን የግሪክ ሰው ነበር። ከዚያ «ጉማ» በቀለም መጣ። ኃይሌ ገሪማ በአብዮቱ ዘመን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ሲያነሣ 35 ሚሊ ሜትሩን ትቶ ዋጋው የሚቀለውን የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ያዘ፤ ተዋናዮቹም አብዛኞቹ የአገሩ ገበሬዎች ነበሩ። በዚያ ፊልም ካሜራው ከገበሬው ጋራ ረጅም ጊዜ ይቆማል፥ መቀሱም አይቸኩልም፤ ሉቼ ለአንድ ገበሬ ይህን ያህል ሰኮንድ ሰጥቶ አያውቅም። አሁን ሥዕሉ በቊጥር ተለውጦ በትንሽ ካርድ ይቀመጣል፤ መታጠቢያ ክፍሉም ሙጫውም ቀርቷል። ሆኖም ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. የታየውን «ድፍረት» በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አነሣው።

አሮጌው ሐዲድ ሥራውን ትቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በሌላ መሥመር ያልፋል። የሉቼ ፊልሞች ግን በሮማ ተጠብቀው ተቀምጠዋል፤ ማንም ሊያያቸው ይችላል። የ1928 ዓ.ም. ሰዎች በዚያ ይሄዳሉ፥ ይቆማሉ፥ ወደ ካሜራው ይመለከታሉ። የጄኔራሎቹ ስም በተራኪው አፍ በኢጣልያንኛ ይነገራል፤ የቆሙት ሰዎች ስም ግን በዚያ አይነገርም።