የእስረኛው ሐኪም ምክር፦ ደብረ ታቦር፣ 1858 ዓ.ም.

ባህላዊና ዘመናዊ ሕክምናን የሚያጋጩ ልብ ወለዶች ብዙውን ጊዜ አንዱን የጨለማ፣ ሌላውን የብርሃን ወገን አድርገው ይስላሉ። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በጣና ዳርና በደብረ ታቦር የሆነው ነገር ግን ለዚህ ዓይነቱ አሳሳል አይመችም።

በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ከነሠራዊታቸው ዘጌ ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ገባ፤ ተስቦም ታከለበት። ሰፈሩ ወደ ቆራጣ ቢዛወርም በሽታው አብሮ ተጓዘ። ከሰፈሩ እስረኞች መካከል ሄንሪ ብላንክ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበር። የታሰሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት ከመልእክተኛው ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር መጥቶ፣ በሚያዝያ እርሱም ተይዟል። ንጉሡ ምን ይሻላል ሲሉ ላኩበት። በ1868 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጡ፣ ሕሙማኑን ከደብረ ታቦር ራቅ አድርገው እንዲተዉ፣ ሠራዊቱንም በተቻለ መጠን በትነው ጤናማና ገለልተኛ በሆኑ ቦታዎች እንዲያሰፍሩ መከረ። ንጉሡም ተቀበሉት፤ ወረርሽኙም በሳምንታት ውስጥ ጠፋ ይላል።

በምክሩ ውስጥ አንዳች መድኃኒት አለመኖሩን ልብ ይሏል። ሮበርት ኮክ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ያሳወቀው ከዚያ ወዲህ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ጆን ስኖው በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ስለ ውኃ ያቀረበውን ማስረጃም ገና ሁሉም አልተቀበለውም። ለብላንክ የቀረለት ርቀት፣ ከፍታና ንጹሕ አየር ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ የቆላን ንዳድ ፈርቶ ከመምሸቱ በፊት ወደ ደጋ ለሚመለስ የበጌምድር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ኮሌራ ራሱ በኋላ ዘመን «የነፋስ በሽታ» ተብሏል፤ አውሮፓውያኑም ክፉ አየርን ይከሱ ነበር። በተመዘገበው ምክር ውስጥ ክታቡን ወይም ጠበሉን ተዉ የሚል ቃልም የለም።

እውነተኛው የኅሊና ጥያቄ ያለው ሌላ ስፍራ ነው። «ጤናማና ገለልተኛ» የተባለው ቦታ የሰው መንደር፣ የሰው ምንጭ ነው። ከበሽታው ሰፈር የወጣ ወታደር በተመደበበት ሁሉ ገበሬው ማደሪያና ስንቅ ያቀርባል፤ በዝናሙ ወራት ደግሞ ከሕሙማን ሰፈር የሚወርድ ጎርፍ ወደ ወንዝ ይገባል። ዛሬ በምናውቀው መሠረት፣ ከተጨናነቀው የሐይቅ ዳር ሰፈር መውጣቱ ለሠራዊቱ ሳይበጅ አልቀረም፤ የመበተኑን ዋጋ ግን መንደሮቹ ከፍለው ሊሆን ይችላል። ወረርሽኝም አንዳንድ ጊዜ ያለ ማንም ምክር ይበርዳል። የብላንክ ምስክርነት የሰፈሩ ምስክርነት ነው፤ ወታደር የተመራባትን ባልቴት የጠየቀ አልነበረም።

ምክር የሰጠው ሐኪም በሐምሌ ወር መቅደላ ላይ በእግር ብረት ታሰረ፤ የተፈታውም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው።