የእግር መንገድ ሙያና ትምህርቱ፤ ከጎጃም ታሪክ አንጻር የተደረገ ጥናት

የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ መንገድ ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩልን በመንገዱ ላይ ስላለፈው ነገር ነው። ጦሩ በየት በኩል እንደ ዘመተ፥ ሲራራ ነጋዴው ምን እንደ ጫነ፥ ንጉሡ የት እንደ ሰፈረ በሰፊው ይነገረናል። መንገዱን ራሱን ማን እንደ ቀየሰው፥ ማን እንደ ጠረገው፥ ክረምት ሲያፈርሰውስ ማን እንዳበጀውና ይህን ሙያ ከማን እንደ ተማረው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ማንሣት ነው። በሌሎች አገሮች ለሽርሽርና ለጉብኝት የሚያገለግል የእግር መንገድ ማቀድ፥ መሥራትና ማስተዳደር ራሱን የቻለ ትምህርት ስለ ሆነ፥ በእኛም አገር ተራራውንና ገደሉን ለጎብኝ ማሳየት ከተጀመረ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፥ ጥያቄው የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም።

ከዚህ በታች እንደምናየው በአገራችን መንገድ የመሥራት ጉልበትም ብልሃትም ጠፍቶ አያውቅም። ሲጠፋ የኖረው ሙያውን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ትምህርትና ከተሠራ በኋላ መንገዱን የሚጠብቅ ባለቤት ነው።

ለጥናቱ መነሻ የምወስደው ጅጋን ነው። ጅጋ በምዕራብ ጎጃም፥ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። መኪናው የሚሄደው በአውራ ጎዳናው ነው፤ እህሉን ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ግን ከደጋ ዳሞት፥ ከቋሪትና ከሰከላ በኩል በሚወርዱት ሸንተረሮች ላይ በእግሩና በአህያው ዱካ ይሄዳል። በበጋ ይህ ዱካ የሚመች መንገድ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን መንገዱ ራሱ ጅረት ይሆናል፤ ወደ ዓባይ የሚወርዱት እንደ ብርና እንደ ተምጫ ያሉት ወንዞችም ሲሞሉ መሻገሪያ ያጣ ሰው ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ተማሪ ከትምህርቱ፥ ወላድ ከሐኪም፥ ነጋዴም ከገበያው የሚቀረው በዚህ ጊዜ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃም ንግድ በሙሉ በእንደዚህ ያለው መንገድ ላይ የቆመ ነበረ። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፥ በዚያን ዘመን እንደ ዕቃ ይሸጥ የነበረው ሰውም ጭምር በባሶ ገበያ በኩል ያልፍ ነበር። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1842 እ.ኤ.አ. ለገበያው ቅርብ በሆነው በየጁቤ ተቀምጦ ስለዚህ ንግድ ጽፏል። ነጋዴው አሞሌውንና ጨርቁን ጭኖ ወደ ማዶ የሚሻገረው ዓባይ በሚጎድልበት ወራት ነው። የትኛው መልካ ድንጋይ እንዳለው፥ የትኛው አዘቅት እንደ ሆነ፥ በየትኛው ቁልቁለት አጋሰሱ እንደማይሰበር የሚያውቀው ቀደም ሲል የሄደበት ሰው ነው። ዕውቀቱ ትልቅ ሆኖ ሳለ የሚኖረው በሰው ራስ ውስጥ ብቻ ስለ ነበረ፥ ንግዱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ዕውቀቱም አብሮ ተረሳ።

የመንግሥት ትእዛዝ ባለበት ጊዜስ ምን ሆነ? ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ በጎጃም ሳይሆን ከዓባይ ወዲያ በቤጌምድርና በወሎ የተሠራው የዐጤ ቴዎድሮስ መንገድ ነው። ዐጤ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. (1867 እ.ኤ.አ.) ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ እያስጎተቱ እስከ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። የጂዳንና የበሽሎን ገደል መውረድና መውጣት ነበረባቸው፤ ስለዚህ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፥ አፈሩ እየተደለደለ፥ ጠመዝማዛ መንገድ ተሠራ። በጋፋት የነበሩት እንደ ዋልድማየር ያሉ የሚስዮን የእጅ ሙያተኞች ረድተዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የመጣው ክሌመንትስ ማርክሃም ሥራውን በአድናቆት ጽፎታል። ይሁን እንጂ ያ መንገድ የተሠራው ለአንድ መድፍ ነበረ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሲሞቱ ቀያሹና ጠራጊው ተበተነ፤ በገደሉ ላይ የተማሩትን ሙያ ለሌላ የሚያስተምሩበት ቦታ አልተገኘም።

ወደ ጎጃም ስንመለስ ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ዐጤ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ወደ በላያ ሲጓዙ ከሱዳን የተነሡት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ግመሎች ከጥቂቶች በቀር በመንገድ አልቀዋል፤ ቆላው የሚመች መንገድ አልነበረውምና። ጠላት የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሲሸሽ የተከተለው መስመር ዛሬ አውራ ጎዳናው በጅጋ በኩል የሚያልፍበት ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላም በደምበጫ አጠገብ በጨረቃ ወንዝ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው። ቀድሞ ወጀት ይባል እንደ ነበረ የሚነገርለት ከተማ ዛሬ የሚጠራው ፍኖተ ሰላም፥ ማለትም የሰላም መንገድ፥ ተብሎ ነው። ለከተማ ስም ሊሆን እስኪበቃ ድረስ መንገድ በዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው።

ከነጻነት በኋላ የመንገድ ሥራ በትምህርት ላይ ሊቆም ጀመረ። በ1943 ዓ.ም. (1951 እ.ኤ.አ.) የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎች እርዳታና በዓለም ባንክ ብድር ተቋቋመ። ቆየት ብሎም የመንገድ ሠራተኛ በዓለምገና፥ በሰው ጉልበት የሚሠራውን የገጠር መንገድ የሚመራው ባለሙያም በግንጪ የሚሠለጥንበት ማዕከል ተገኘ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን የትምህርቱ ዓላማ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ስለ ሆነ፥ የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል የሚሄድበት የእግር መንገድ ባለሙያ የሌለው ሆኖ ቀረ። የእግር መንገድ እግር ራሱ ይሠራዋል ተብሎ የታሰበ ይመስላል።

ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ለማየት ከጅጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እግር የሚሠራው መንገድ አቋራጭ ስለሚወድ ቁልቁለቱን በቀጥታ ይወርዳል፤ ውሃም እንደዚሁ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገናኙ በጥቂት ክረምት ውስጥ ዱካው ቦይ፥ ቦዩም ቦረቦር ይሆናል። መንገደኛው ቦረቦሩን ሸሽቶ በጎን ይሄዳል፤ በዚያም ሌላ ቦረቦር ይጀመራል፤ በመጨረሻ የሚጠበው የገበሬው ማሳ ነው። የእግር መንገድ ባለሙያዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ሕግ ቀላል ነው፤ የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ጎኑ በመቶ 20 ቢያዘቀዝቅ መንገዱ በመቶ ከ10 ባልበለጠ አግድም ይወጣል። የመንገዱ ወለል ወደ ገደሉ በኩል ጥቂት ዘንበል ይላል፤ በየመካከሉም መንገዱ ትንሽ ወርዶ እንደገና ይነሣል። በዚህ ዓይነት ውሃው መንገዱን ያቋርጠዋል እንጂ አይከተለውም።

የጎጃም ገበሬ ይህን ብልሃት በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ጤፉን ዘርቶ ሲጨርስ በማሳው ላይ አግድም የሚያወጣው ፈሰስ የተባለው ትልም ሥራው ይኸው ነው፤ ትርፉን ውሃ አፈሩን ሳያጥብ ቀስ አድርጎ ወደ ዳር ያወጣዋል። ከደምበጫ በስተሰሜን ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው በኩል ያለው አንጀኒ የተባለው ቦታም ለዚህ ምስክር ነው። በ1976 ዓ.ም. (1984 እ.ኤ.አ.) በ113 ሄክታር ያህል ተፋሰስ ላይ የአፈር ጥበቃ ጥናት ተጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እርከን ተሠራ። ቦታው በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም የሚወርድበት ሆኖ ሳለ እርከኑ እየደለደለ የደረጃ እርሻ ሆነ። እንግዲህ የእግር መንገድ ትምህርት በዚህ አገር ከባዶ የሚጀመር አይደለም። ፈሰስ የሚያወጣ ሰው የሙያውን ግማሽ ይዞ ይመጣል፤ የሚቀረው ልኬቱ፥ ዕቅዱና አስተዳደሩ ነው።

አስተዳደሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚያስረዳን ሰባራ ድልድይ ነው። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው ይህ የዓባይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐጤ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን አፍርሰውታል ይባላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሰዎች በተሰበረው ላይ በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። የዚህ ሥዕል በመጽሔት ወጥቶ ያየው አሜሪካዊ ኬን ፍራንዝ ማኅበር አቋቁሞ በ1994 ዓ.ም. (2002 እ.ኤ.አ.) ከአገሩ ሕዝብ ጋራ ጠገነው። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የተመረጠው ከውሃው ከፍ ብሎ በሽቦ ገመድ የሚንጠለጠል የእግር ድልድይ ነው፤ ይህም በኔፓል ተራሮች ለብዙ ዓመታት የተፈተነ አሠራር ነው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ቅን ልብ ብቻውን ጎርፍን አይመክትም፤ የውሃውን ጠባይ አስቀድሞ ያጠና ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ የሽቦ ገመድ በየጊዜው የሚያይ፥ የላላውን የሚያጠብቅ፥ የበሰበሰውን ጣውላ የሚለውጥ ሰው ከመንደሩ ካልሠለጠነ አዲሱም ድልድይ አንድ ቀን ሰባራ ይሆናል።

ለጉብኝት የሚሆነውን የእግር መንገድ ስንመለከት ይህ የባለቤትነት ነገር ይበልጥ ይታያል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. (1969 እ.ኤ.አ.) ተከልሎ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በደባርቅ አስጎብኚው፥ አጃቢው፥ ወጥ ሠሪውና የበቅሎ ባለቤቱ በየማኅበሩ ተደራጅቶ በተራ መሥራትን ተምሯል። ይሁን እንጂ ፓርኩ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ሲቆይ፥ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ በመካከሉ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነበር። ያለ ቦታው የተሠራ መንገድ የሚያመጣውን ጉዳት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። በሌላ በኩል በመቄት ወረዳ ከ1995 ዓ.ም. (2003 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመቋት ማርያም የተከፈተው የማኅበረሰብ ጉብኝት እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ እየሄደ፥ የመንደሩ ሰው በሠራው ጎጆ እያደረ፥ ገቢው ለመንደሩ የሚደርስበት ነው። ዳቦ ጋገራውንና አስተናጋጅነቱን፥ ሒሳብ አያያዙንም የተማሩት ገበሬዎቹ ናቸው። ከውጭ አገር ደግሞ በአሜሪካ ቤንተን ማካይ በ1921 እ.ኤ.አ. ያሰበው፥ በ1937 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው 3,500 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአፓላሺያን የእግር መንገድ አለ። ይህን መንገድ በአብዛኛው የሚጠብቁት በየአካባቢው ተደራጅተው የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የእነርሱ ደንብ ከእኛ ደቦ ብዙ አይርቅም።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። ሕዝቡ ለገበያ የሚሄድበት መንገድ አጥቶ ሳለ ለሽርሽር መንገድ ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። በተለይም ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት እንግዳ መምጣቱ በቀነሰበት ጊዜ ይህ ቃል ክብደት አለው። ነገር ግን መቃወሚያው ሁለት መንገድ ያለ አድርጎ ያስባል። በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይ ምንጭ እንውሰድ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ.፥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ያዩት ይህ ምንጭ ለምእመናን ጠበል ነው። ከጅጋ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደዚያ የሚያደርስ በደንብ የተቀየሰ የእግር መንገድ ቢኖር፥ ጠበልተኛውም፥ ነጋዴውም፥ ተማሪውም፥ እንግዳውም የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው። እንግዳ ባይመጣ እንኳ መንገዱ ሥራ አይፈታም። እንግዲያውስ እንዲህ ያለው መንገድ መጀመሪያ ለአገሬው ታስቦ ለእንግዳ የሚተርፍ መሆን አለበት፤ የምንጩ ባለቤት የሆኑት ካህናትና ምእመናንም በዕቅዱ ሊጠየቁ ይገባል።

ስለ ትምህርቱ አሠራር ያለኝ አሳብ ይህ ነው። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፥ በቡሬም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ከዚህ ወይም ከዚያ በኩል ለገበሬ ልጆች የሚሰጥ አጭር ትምህርት ቢጀመር ከዓመቱ ወራት ጋራ መስማማት አለበት። ቅየሳው በሐምሌ ይጀመር፤ ቀያሹ ውሃው የሚሄድበትን በዓይኑ ማየት አለበትና። ጠረጋውና ድርደራው ከአጨዳ በኋላ በበጋ ይሁን። በሚቀጥለው ክረምት ተማሪው የሠራውን መንገድ በዝናም ይዙርበትና የፈረሰውን መዝግቦ ያብጅ፤ የምስክር ወረቀቱንም የሚቀበለው ከዚህ በኋላ ይሁን። ከዚያም እያንዳንዱ ቀበሌ የድርሻውን መስመር የሚጠብቅ ሰው ይሹም፤ ሒሳቡንም ሕዝቡ የሚሰማው ያድርግ።

በመጽሐፍ የሚገኘው የመንገዳችን ታሪክ በአመዛኙ የአዛዦች ታሪክ ነው። ቴዎድሮስን የተከተለው ድንጋይ ፈንቃይ ስሙ አልተጻፈም፤ የዓባይን መልካ የሚያውቀው ሰው ትምህርቱን ለማንም ሳያወርስ ሞቷል። ዛሬ በጅጋ ገበያ አህያውን እየነዳ ከሚመጣው ሽማግሌ መካከል የትኛው ዱካ በምን ክረምት እንደ ተሰበረ፥ የቀደመው መሻገሪያ የት እንደ ነበረ የሚነግረን ብዙ ነው። የታሪክ ተማሪና የቅየሳ ተማሪ አንድ ላይ ሆነው ይህን ቃል ቢሰበስቡ ጥናቱም መንገዱም ከዚያ ሊጀመር ይችላል።