ሳይቆለፍ የተሸጠው ዋይፋይ

ዋይፋይ ሲታሰብ የተወለደው ለሱቅ ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ወደ አእምሮ የሚመጣው ስልክና ላፕቶፕ ቢሆንም፣ መነሻው የገንዘብ መቀበያ ማሽን ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተወሰኑ የሬዲዮ ሞገዶችን ያለ ፈቃድ መጠቀም እንዲቻል ሲፈቅድ፣ የካሽ ሬጅስተር አምራቹ ኤንሲአር ዕድሉን ቶሎ አየው፤ ማሽኖቹ ገመድ ካላስፈለጋቸው መደብሩ የዕቃ አደራደሩን እንደፈለገ ሊቀያይር ይችላላ። በኔዘርላንድስ የነበሩት የኩባንያው መሐንዲሶች ዌቭላን የተባለውን ምርት ሠሩ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ቪክ ሄይስ ከ1990 ጀምሮ ለ10 ዓመት የመራው ኮሚቴ ዋይፋይ የተመሠረተበትን 802.11 የተባለውን ደረጃ በ1997 አጸደቀ። የመጀመሪያዎቹ ከባድ ጉዳቶችም የደረሱት እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ባለሱቁ ነው፤ ቸልተኛ ነበር፣ መመሪያውን አላነበበም ይባላል። ታሪኩን በቅደም ተከተል ለተመለከተው ግን ሌላ ነገር ይታያል። የነጋዴው ኔትወርክ ደኅንነት በአብዛኛው የተወሰነው የዋይፋይ ሳጥኑ ገና ሳይሸጥ፣ አምራቹ የትኛውን ቅንብር አብርቶ የትኛውን አጥፍቶ እንደላከው ነው።

የመጀመሪያው ምስጠራ ዌፕ ይባል ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ጠንካራ ምስጠራ ወደ ውጭ እንዳይላክ ይገድብ ስለነበር፣ ደረጃው የወጣው በ40 ቢት ቁልፍ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ሳጥኑ ከካርቶኑ ሲወጣ በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር የሚገኘው። ባለሱቁ ወይም የቀጠረው ቴክኒሺያን ወደ ቅንብሩ ገጽ ገብቶ ማብራት ነበረበት። ገጹ የሚጠይቀው ደግሞ ሰው የሚያስታውሰው ቃል ሳይሆን ከ0 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ካሉት ፊደላት የተሠራ 10 ምልክት ነው፤ ረጅሙን ቁልፍ የመረጠ 26 ምልክት ይጽፋል። ያንኑ ሳያዛንፍ በእያንዳንዱ ኮምፒውተርና በእያንዳንዱ መቀበያ ማሽን ላይ መድገም አለበት። አንዷ ፊደል ብትሳሳት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ስህተቱ የት እንዳለ አይናገሩም፤ ዝም ብለው አይሠሩም። ቁልፉ ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ አንድ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር ሥራው እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። ምስጠራውን ሳያበራ የተወው፣ ወይም አንዴ ያስገባውን ቁልፍ ለዓመታት ያልነካው ነጋዴ፣ ሰነፍ ስለነበረ ነው ለማለት ይከብደኛል። ሱቁን ከፍቶ ደንበኛ ማስተናገድ ነበረበት፤ ሳጥኑ ደግሞ ሳይቆለፍም በደንብ ይሠራ ነበር።

ቁልፉን በትክክል ያስገባውም ቢሆን አልዳነም። በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የዌፕን ድክመት በጥናት አሳዩ፤ በዚያው ዓመት በዚህ ድክመት ተጠቅሞ ቁልፉን በራሱ የሚሰብር ነፃ ፕሮግራም በኢንተርኔት ተለቀቀ። በግንቦት 2002 ቤስት ባይ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር፣ የካርድ ቁጥሮች ከመኪና ማቆሚያው ሊጠለፉ ይችላሉ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ ገመድ አልባ መቀበያዎቹን አጠፋ። በ2005 ሌቦች ማያሚ ባሉ የማርሻልስ መደብሮች ዋይፋይ በኩል ገብተው እስከ እናት ኩባንያው የቲጄኤክስ ማዕከል ድረስ ዘለቁ። ኩባንያው በ2007 ከ45 ሚሊዮን በላይ ካርዶች መረጃ እንደተሰረቀ አመነ። ጉዳዩን የመረመሩት የካናዳ የግል መረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሮች፣ ኩባንያው ከደካማው ዌፕ ወደ ተሻለው ምስጠራ የተሸጋገረው ዘግይቶ ነው ብለው ወቀሱ። በዚያው ዓመት በጀርመን ዳርምሽታት ያሉ ተመራማሪዎች ረጅሙን የዌፕ ቁልፍ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መስበር እንደሚቻል አሳዩ።

ቲጄኤክስ ትንሽ ነጋዴ አይደለም፣ ገንዘብም ባለሙያም ነበረው፤ እንግዲያውስ ጥፋቱ የቸልተኛ ባለቤት ነው እንጂ የፋብሪካ ቅንብር አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ለተቃራኒው ማስረጃ አደርገዋለሁ። ባለሙያ ያለው ኩባንያ እንኳ አንዴ የተተከለን ቅንብር ለመቀየር ዓመታት ከፈጀበት፣ ሦስት ሠራተኛ ያለው ሱቅ በራሱ ተነሣሥቶ ይቀይረዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ምክር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራም ተሞክሯል። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች በ2006 ለቤትና ለትንሽ ቢሮ የሚሸጡ የዋይፋይ መሣሪያዎች ገዢውን ኔትወርኩን እንዲጠብቅ የሚያስጠነቅቅ መልእክት እንዲይዙ አዘዙ። ሆኖም እዚያው ግዛት በ2018 ሌላ ሕግ አስፈለገ፤ ከ2020 ጀምሮ አምራቹ ራሱ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ የይለፍ ቃል እንዲሰጥ፣ ወይም ገዢው የራሱን ሳያወጣ መሣሪያው እንዳይከፈትለት የሚያስገድድ። ዌፕን ከሱቆች ጠራርጎ ያስወጣውም ምክር አልነበረም። የካርድ ኩባንያዎቹ የደኅንነት ደንብ ከመጋቢት 2009 በኋላ አዲስ ዌፕ እንዳይተከል፣ ነባሩም እስከ ሰኔ 2010 እንዲነሣ ስላዘዘ ነው።

አምራቹ የሚያበራው ሁሉ ግን ደግ ነው ማለት አይደለም። ቁልፍ መጻፍ ሰዎችን እንዳስመረረ የተረዱት ኩባንያዎች፣ 8 አሃዝ የሆነ ፒን በማስገባት ብቻ የሚያገናኝ ደብሊውፒኤስ የተባለ መንገድ ፈጠሩ፤ ብዙ ራውተሮችም ይህ መንገድ በርቶባቸው ተሸጡ። 8 አሃዝ 100 ሚሊዮን አማራጭ ያለው ይመስላል። ነገር ግን የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ማረጋገጫ ነበር፤ ይባስ ብሎ ሳጥኑ የመጀመሪያዎቹን አራት አሃዞች ለብቻ መርምሮ ትክክል መሆናቸውን ይናገራል። ስለዚህ ሌባው 10,000 ሙከራ ለመጀመሪያው ግማሽ፣ 1,000 ለሁለተኛው፣ በድምሩ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃዋል። ይህ ጉድለት በታኅሣሥ 2011 ይፋ ሲሆን፣ ረጅምና ጥሩ የይለፍ ቃል ያወጣ ነጋዴም ሳያውቀው በዚያ ቀዳዳ ተጋልጦ ነበር። ቅንብሩ ጠንቃቃውንም ግዴለሹንም እኩል ካጋለጠ፣ ውሳኔው በማን እጅ እንደነበረ ለማሳየት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለትንሽ ቢሮ የሚሠሩት የፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግዱ) ሳጥኖች በአንድ በኩል ቀድመው ነበር። ሶኒክዎል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ካወጣቸው ዋይፋይ ያላቸው ሳጥኖች አንዱ፣ በአየር የሚመጣውን ሁሉ እንደ ውጭ ሰው ቆጥሮ ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መገናኛ) ያልከፈተ ኮምፒውተር ወደ ውስጥ እንዳያልፍ ማድረግ ይችል ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ችግሩ በየላፕቶፑ የተለየ ፕሮግራም መጫን ማስፈለጉ ነው። ከእሱ የተረፈውና ዛሬ በብዙ ሳጥኖች የሚገኘው የመለያየት ልማድ ነው፤ የእንግዳው ዋይፋይ በአንድ ክፍል፣ መቀበያ ማሽኑ በሌላ፣ በመካከላቸው ፋየርዎል። እዚህ ላይ የእኔም ክርክር ወሰን አለው። አምራቹ የይለፍ ቃል አውጥቶ ሊልክ፣ ዌፕን ሊሰርዝ፣ ፒኑን ሊያጠፋ ይችላል፤ የትኛው ገመድ ወደ መቀበያው፣ የትኛው ወደ ደንበኞች መቀመጫ እንደሚሄድ ግን ከፋብሪካው ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የብሪታንያ ሕግ ለሸማች በሚሸጡ መሣሪያዎች ላይ ሦስት ነገር ያዛል፦ አንድ ዓይነት የፋብሪካ የይለፍ ቃል እንዳይኖር፣ ጉድለት የሚጠቆምበት አድራሻ እንዲገለጽ፣ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጥ እንዲነገር። መቀበያውን ከእንግዳው ዋይፋይ የመለየቱ ሥራ ከሦስቱ ውስጥ የለም፤ እሱ አሁንም ሳጥኑን የሚተክለው ሰው ሥራ ነው።