የቆሰለች ነፍስና የዓይን ሕክምና፡ ከበልኽ እስከ ኪሊስ

 

ከጦርነት የተረፈ ወይም በስደት መንገድ የተሰቃየ ወንድማችን ሌሊት እየባነነ ሲጮህ ብዙዎቻችን «ኢማኑ ደክሞ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ታሪካችን ግን እንዲህ አላስተማረንም። የዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል። ሐዘኑ ከነቢይነታቸው ምንም አላጎደለም።

ከሺህ ዓመት በፊት በዛሬዋ አፍጋኒስታን፣ በበልኽ አካባቢ የተወለዱት ዓሊም አቡ ዘይድ አል-በልኺ (እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉ) «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተባለ ኪታብ ጻፉ። አካል እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም ትታመማለች አሉ። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስወስን ለይተው መድኃኒታቸውን አስተማሩ። ጤነኛ ሰው መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ፣ ለክፉ ቀን የሚያረጋጋ ሐሳብም በልቡ እንዲያኖር መከሩ።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ለዓመታት ሲሰቃዩ ከታዩ በኋላ፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በ1980 እ.ኤ.አ. ሕመሙን ፒቲኤስዲ ብለው መዘገቡት። በ1987 ፍራንሲን ሻፒሮ የተባለች አሜሪካዊት በመናፈሻ ስትሄድ፣ ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀሱ የሚያስጨንቃት ሐሳብ እየቀለለ መሄዱን አስተዋለች። በ22 ሰዎች ላይ ሞክራ ውጤቱን በ1989 አሳተመች። ሕክምናው ዛሬ ኢኤምዲአር ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ታካሚውን ያውቃል፣ ያረጋጋዋል። ከዚያ ታካሚው ያን ክፉ ትዕይንት እያሰበ የሐኪሙን ጣት ወደ ቀኝና ወደ ግራ በዓይኑ ይከተላል። ያርፋል፣ የተሰማውን ይናገራል፣ እንደገና ይጀምራል። ለምን ይጠቅማል? አንዱ ማብራሪያ፣ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ውስን ነው የሚል ነው። ዓይን ሥራ ሲይዝ ለትዝታው የሚቀረው ቦታ ይጠብና ትዕይንቱ ይደበዝዛል። ትዝታው አይጠፋም፤ እንደ ቀድሞው ግን አያንቀጠቅጥም። የዓይኑ እንቅስቃሴ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሕክምናው ወደ ሙስሊም አገሮችም ደርሷል። ቱርክ በ1999 በመሬት መንቀጥቀጥ ከ17,000 በላይ ሰው ስትቀብር፣ በድንኳን ለተጠለሉት ተሰጥቷል። በኋላም በኪሊስ ከተማ መጠለያ በ70 ሶሪያውያን ስደተኞች ላይ ጥናት ተደረገ። ሕክምናውን ያገኙት ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ሕመማቸው በግልጽ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ለፒቲኤስዲ ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ አደረገው።

ታዲያ ሩቅያውና ዚክሩ ይቅር ማለታችን ነው? ሐሻ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አዘዋል፤ ዱዓም አስተምረዋል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ቪዲዮ አይቶ በቤት መሞከር ግን አይገባም፤ የተከፈተ ቁስል የሚይዘው የሠለጠነ እጅ ይፈልጋልና።

እንግዲህ የሚባንነውን ወንድማችንን፣ በዝምታ የምታለቅሰውን እህታችንን ከመውቀስ እንቆጠብ። ቀርበን እንስማቸው፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድም አብረን እንሂድ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥ።

ወላሁ አዕለም።