ለጭፈራ የሚጠራው የናፍቆት ዘፈን

በቤይሩት ጠዋቱ የድምፃዊቷ የፌይሩዝ ነው። ሬዲዮኑ ቀኑን በእርሷ ድምፅ ይከፍታል፤ ታክሲው ውስጥ እርሷ፣ ዳቦ ቤቱ እርሷ፣ ቡና በሚፈላበት ኩሽናም እርሷ ናት። ከዘፈኖቿ ሁሉ ትከሻን ሳያስፈቅድ የሚያነቃንቀው «ነሰም አለይና ኤል ሃዋ» ነው። ምቱ ፈጠን፣ ዜማው ቀለል ያለ በመሆኑ፣ አረብኛ የማያውቅ ሰው የሠርግ ዘፈን ነው ቢል አይፈረድበትም።

ግጥሙ ግን ከአገሯ የራቀች ሴት ልመና ነው። ከሸለቆው የሚመጣውን ነፋስ ይዟት እንዲሄድ ትማጸነዋለች። ከናፍቆቱ የሚከፋው ደግሞ ስጋቷ ነው፤ ዕድሜዋ በሰው አገር ሲገፋ የገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ እንዳያያት ትፈራለች።

የዘፈኑ ደራሲዎች የፌይሩዝ ባል አሲ ራህባኒና ወንድሙ መንሱር ናቸው። ዘፈኑ የተሰማው ግብጻዊው ሄንሪ ባራካት በ1960 ዓ.ም. ገደማ ባዘጋጀው «ቢንት ኤል ሃሬስ» (የዘበኛው ልጅ) ፊልም ላይ ነው። የፊልሙ ታሪክ ዛሬ ሲያዩት ልብ ይነካል። መንደሩ እጅግ ሰላም በመሆኑ የሌሊት ዘበኞቹ ከሥራ ይሰናበታሉ። ፌይሩዝ የምትጫወታት የዘበኛው ልጅ የአባቷን እንጀራ ለመመለስ ስትል ፊቷን ሸፍና፣ ሽፍታ መስላ፣ ጨለማ ለብሳ ሰዉን ታስፈራራለች። እንዲህ ነበር ያኔ፤ በሊባኖስ አደጋ በተውኔት የሚፈጠር ነገር ይመስል ነበር።

ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ እውነተኛው አደጋ መጣ። እሑድ ሚያዝያ 5 ቀን 1967 ዓ.ም. በቤይሩት ዳርቻ፣ በዓይን ኤል ረማነህ፣ የክርስቲያኖቹ የፋላንጅ ፓርቲ መሪ ፒየር ጀማየል በተገኙበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሞተ። በዚያው ቀን ፍልስጤማውያንን አሳፍሮ ወደ ቴል ኤል ዛዕተር የስደተኞች መጠለያ የሚመለስ አውቶቡስ በሰፈሩ ሲያልፍ የፓርቲው ታጣቂዎች ተኮሱበት፤ ከ20 በላይ ተሳፋሪዎች አለቁ። 15 ዓመት የዘለቀውና 150 ሺህ ያህል ሕይወት የቀጠፈው የእርስ በርስ ጦርነት መነሻ ሆኖ የሚቆጠረው ይህ ቀን ነው። ዓይን ኤል ረማነህን ከጎረቤቱ ከሺያህ የሚለየው ጎዳና የጦር ግንባር ሆነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሊባኖሳውያን ተሰደዱ፤ የፊልም ዘፈን የነበረው የእነርሱ እንጉርጉሮ ሆነ። ፌይሩዝ ግን አገሯን ለቃ አልሄደችም፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ መስከረም 7 ቀን 1987 ዓ.ም. በፈራረሰው የመሃል ከተማ በሰማዕታት አደባባይ ቆማ ዘፈነች።

ዛሬ ይህን ዘፈን ከማንም በላይ ሊረዱት የሚችሉት በእነዚያ የቤይሩት ኩሽናዎች የሚሠሩት ኢትዮጵያውያት እህቶቻችን ይመስሉኛል። በካፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአንድ አሠሪ ላይ የታሰረ ነው፤ የብዙዎቹ ፓስፖርት በአሠሪያቸው በ«ማዳም» ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። እንዲህ ላለች ሴት ነፋስን መለመን የግጥም ማሳመሪያ አይደለም፤ ሌላ የምትለምነው የላትም። በ2012 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ሃዝሚየ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለው ሄዱ፤ ከዓይን ኤል ረማነህ ብዙ በማይርቅ ቦታ። ወደ አገር የተመለሱትንም የዘፈኑ ስጋት አልማራቸውም፤ ለአያት ትተውት የሄዱት ሕፃን አድጎ፣ ሲያያቸው ከአያቱ ቀሚስ ጀርባ የተደበቀባቸው እናቶች አሉ።