የጭብጦ ፍርድ፤ አጥቢያ ዳኛ በጎጃም ደጋ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎ የባለጸጋ ንብረት ናት፤ ጭብጦ ግን የመንገደኛ ስንቅ ናት። የተረቱ ቁም ነገር የፍርድ ክብደት በተወሰደው ንብረት ዋጋ አይለካም የሚል ነው። ስለ በቅሎዋ የፈረደው ዳኛ በየዘመኑ መዝገብ ተጽፎለታል። ስለ ጭብጦዋ ሲፈርድ የኖረው የመንደር ዳኛ ግን ታሪኩ እምብዛም አልተጻፈም።

ዘመናዊ ፍርድ ቤት ከመቋቋሙ አስቀድሞ በደጋው አገር ዳኝነት የተለየ ሙያ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሌላውን ያስቆማል፤ በዚያ የሚያልፍ መንገደኛም ተለምኖ ዳኛ ይሆናል። ጉዳዩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ወደ ሹሙ ይሄዳሉ። ዋስ ይጠራል፤ ሙግቱም በልበልሃ ሥርዓት ይካሄዳል። በትልቁ ችሎት የተቀመጡት ሰዎች አሳብ ሲሰጡ ከበታቹ ተጀምሮ ወደ በላዩ ይወጣ ነበር፤ ይኸውም ታናሹ ታላቁን ፈርቶ አሳቡን እንዳያጥፍ ነው። በፍርዱ ያልረካው ወገን «ይግባኝ» ይላል፤ ነገሬ ወደ በላይ ይግባልኝ ማለቱ ነው።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ በየደረጃው ተዋቀሩ። ይሁን እንጂ ከሁሉ በታች ያለው ደረጃ ክፍት ሆኖ ቆየ። ይህን ክፍተት ለመድፈን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 90 አጥቢያ ዳኛ ተቋቋመ። ስሙ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው፤ አጥቢያ ማለት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚኖር ሕዝብና ቀበሌው ነውና። የዳኛው የመጀመሪያ ግዴታ ማስታረቅ ነበር። ዕርቅ ያልተቻለ እንደ ሆነ ዋጋው ከ25 ብር የማይበልጥ የፍትሐ ብሔር ክርክር ይወስናል፤ በጥቃቅን ወንጀልም ከ15 ብር የማይበልጥ መቀጫ ይጥላል። ሥልጣኑ እንደ ቁና ተለክቶ የተሰጠ ነበር ለማለት ይቻላል።

25 ብር ለከተማ ሰው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለደጋው ገበሬ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። የጎረቤት በሬ ገብስ ውስጥ ገብቶ ቢያበላሽ፣ አንድ በግ ቢጠፋ፣ በገበያ ስድብ ቢሰነዘር፣ ባለ ጉዳዩ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሊወርድ አይችልም። በክረምት ጨሞጋና ሌሎቹ ወንዞች ይሞላሉ። ወሩ የእርሻ ከሆነ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ የበሬዎችን ሥራ የሚያስፈታ ነው። ዳኛው ራሱም ከደጅ እስከ ደጅ የሚታወቅ አራሽ ስለ ነበር የተበላሸውን ማሳ በእግሩ ሄዶ ያያል፤ የጠፋውንም እህል በዓይኑ ይገምታል። ይህ ዕውቀት ከሩቅ ፍርድ ቤት በጽሑፍ ሊገኝ የሚችል አይደለም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ዳኝነት አጸናው። በሕጉ መሠረት ስድብ፣ እጅ እልፊት፣ መጠነኛ የንብረት ጉዳትና ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆት በተቻለ መጠን በዕርቅ እንዲያልቁ ተደነገገ፤ ዳኛውም በወንጀል ነገር ከሁለት ረዳት ፈራጆች ጋር እንዲያስችል ታዘዘ። በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ አሠራር ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ከ1361 እ.ኤ.አ. ሕግ ጀምሮ ደመወዝ የሌላቸው የሰላም ዳኞች በጥቃቅን ወንጀል ሲፈርዱ ኖረዋል። በጀርመን አንድ ባለሙያ ዳኛ ከሁለት ተራ ዜጎች ጋር የሚያስችልበት ፍርድ ቤት አለ። የእኛው ከጀርመኑ የሚለየው በመካከል የተቀመጠውም ሰው የሕግ ባለሙያ ባለመሆኑ ነው።

ነገር ግን ቅርበት ሁለት ስለት አለው። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ስለዚህ የአንድ አጥቢያ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዋና አባት የሚወለዱ ዘመዳሞች፣ በዚያውም ልክ የመሬት ተፎካካሪዎች ነበሩ። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ጥናት ያካሄደው አሜሪካዊው የሰብእ ጥናት ሊቅ አለን ሆበን የርስት ሙግት የዚያን አገር ኑሮ ምን ያህል ይገዛ እንደ ነበረ በሰፊው ገልጿል። ርስት እንዳይነካ የነበረው ሥጋት ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባነሡት ዓመፅ ታይቷል፤ ግብሩ መሬት ለመለካት የታሰበ መንገድ ነው ብለው ጠርጥረው ነበርና። እንግዲህ ዳኛው የአንደኛው ተሟጋች የአጎት ልጅ ሲሆን ሌላው ምን ተስፋ ያደርጋል? መልሱ ከፊሉ በ25 ብሩ ወሰን ውስጥ ይገኛል። ዳኛው ሊሳሳትም ሊያዳላም ይችላል፤ የስሕተቱ መጠን ግን አስቀድሞ ተገድቧል፤ የይግባኝም በር ክፍት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ይህ ወሰን ተነሣ። በ800 ሄክታር ላይ የሚቋቋመው የገበሬ ማኅበር የራሱ ፍርድ ሸንጎ ኖረው፤ በቀበሌው የሚነሣውን የመሬት ክርክርም ሸንጎው እንዲያይ ተደረገ። ገበሬው በባለርስትነቱ ሳይሆን በገበሬነቱ ተመርጦ ለመፍረድ መብቃቱ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም መሬት የሚያከፋፍለውም፣ ጥበቃ የሚያሰማራውም፣ ሸንጎ የሚያቋቁመውም ያው ማኅበር ሆነ። ያዘነ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ከዚያው ካሳዘነው ደጅ ነበር። ከቅርበት የሚመጣው ጥቅም ሳይጎድል፣ ከወሰን የሚገኘው ዋስትና ግን ቀነሰ።

ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ተቋቁመዋል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም የባህልና የሃይማኖት ፍርድ ቤቶች ዕውቅና የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ከእርሻውና ከንግዱ ተነሥቶ ለጎረቤቱ የሚፈርድ ሰው ምን ያህል ሥልጣን ይሰጠው የሚለው ጥያቄ ያለፈ ዘመን ጥያቄ አይደለም። አጥቢያ ዳኛው የሚያስተምረው፣ ጎረቤትን ዳኛ ማድረግ የሚጠቅመው ማስታረቁ ሲቀድም፣ ወሰኑ ሲታወቅ፣ ይግባኙም ወደ ሌላ ደጅ ሲሄድ መሆኑን ነው።

በ1967 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ አጥቢያ ዳኛ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ሰማንያ ዓመት ሞልቶታል። የዕርቁ ቃል በአብዛኛው በወረቀት አልሰፈረም፤ ያለው በእነዚህ ሽማግሎች ትዝታ ነው። ስለ ጭብጦዋ እንዴት ይፈረድ እንደ ነበረ ከአፋቸው ሰምቶ የሚጽፍ ሰው ካልተገኘ፣ ዕውቀቱ አብሯቸው ወደ መቃብር ይወርዳል።